ለከተራ የተነሣው ምእመን ለሰበካ ጉባኤም ይነሣ

የጥምቀት ዋዜማ «ከተራ» መባሉ ምእመናን ወራጁን ውኃ ገድበው ለበዓሉ የሚያዘጋጁበት ዕለት በመሆኑ ነው። ጥር 10 ቀን ሲደርስ ወጣቱ ዶማና አካፋ ይዞ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ መንገዱ ይጠረጋል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ቄጠማው ይጎዘጎዛል። ለዚህ ሁሉ ሥራ ደመወዝ የሚጠይቅ የለም። ለምኑኝ የሚልም የለም።

ይኸው ሕዝብ ግን የሰበካ ጉባኤ ምርጫ በሚደረግበት ሰንበት፣ ከቅዳሴ በኋላ ከዛፉ ጥላ ሥር ሲሰበሰብ ሌላ ሰው ይመስላል። ስሙ የተጠራ ሁሉ እየተነሣ «ለእኔ አይሆንም፤ በሌላ ተኩልኝ» ይላል። ነጋዴው ገበያውን፣ መምህሩ ዝውውሩን፣ ገበሬው ቡናውን ምክንያት ያደርጋል። በመጨረሻ ወይ የቀድሞዎቹ ሰዎች ይመለሳሉ፣ ወይም እምቢ ለማለት ያልቻለ አንድ ምስኪን ይመረጣል። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሺሺንዳም ሆነ በሌላ የካፋ ከተማ፣ እንዲህ ያለውን ስብሰባ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

እውነተኛው ምክንያት ከዛፉ ጥላ ሥር ጮክ ተብሎ የማይነገረው ነው። ይኸውም «የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ እሳት ነው» የሚለው ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ከመልካም ሥር የበቀለ መሆኑን አልክድም። የእግዚአብሔርን ገንዘብ መፍራት ቅድስና ነው። ነገር ግን የሚፈራው ሰው ከቤት ሲቀር ወደ ሣጥኑ የሚቀርበው ማን ይሆናል? ፈሪው ሁሉ ከሸሸ ቁልፉን የሚይዘው የማይፈራው ነው። ስለዚህ ከመመረጥ የሚሸሸው ምእመን ራሱን ከእሳቱ አዳንሁ ቢልም፣ ቤተ ክርስቲያኑን ለእሳቱ ትቶአታል።

የሰበካ ጉባኤ የቆመበት ቃለ ዓዋዲ የወጣው በ1965 ዓ.ም.፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ነው። ትርጉሙ የዐዋጅ ነጋሪ ድምፅ ማለት ሲሆን፣ በዚህ በዓል የምናስበው መጥምቁ ዮሐንስ የተጠራበት ስም ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው ዐዋጅ ሲታወጅ ለካህናቱ መተዳደሪያ የነበረው የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የካህኑ ቀለብ፣ ጧፉ፣ ዕጣኑ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ሁሉ ከምእመኑ እጅ የሚጠበቅ ሆነ። ደንቡ ከችግሩ አስቀድሞ መድረሱ ዛሬም ያስገርመኛል። በደንቡ የአጥቢያው አስተዳዳሪ ሊቀ መንበር ሲሆን፣ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ወኪሎቻቸውን ለ3 ዓመት ይመርጣሉ። ምእመኑ በአስተዳደሩ ውስጥ እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

እንደ ካፋ ባለ የቡናና የማር አገር ደግሞ ሥራው ሰው ይፈልጋል። ስለት የሚመጣው በብር ብቻ አይደለም። አንዱ በቀይ የተለቀመ ቡና፣ ሌላው ከጫካ ያወረደውን ማር፣ ሌላዋ ቅቤ ወይም ጃንጥላ ይዛ ትመጣለች። ቡናው በስንት ኪሎ ገባ? ማን መዘነው? ለማን፣ በየትኛው ቀን ዋጋ ተሸጠ? ደረሰኝስ ተቆርጦለታል? ይህን ጠይቆ መዝገብ ላይ ማስፈር ለቄሱ ብቻ የሚተው ሸክም አይደለም። በሺሺንዳ ገበያ ቡና ሲመዝን የሚውለው ምእመን ሚዛኑን ከማንም በላይ ያውቃል፤ መምህሩና የጤና ባለሙያው ቃለ ጉባኤ መጻፍ ይችላሉ። «ነገ እዛወራለሁ» የሚለው የመንግሥት ሠራተኛም እስኪዛወር ድረስ የዚያው አጥቢያ ልጅ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ፍርሃት ያውቀዋል። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 12 እንደምናነበው፣ ንጉሡ ኢዮአስ የቤተ መቅደሱ ፍራሽ እንዲጠገን ቢያዝም እስከ 23ኛው ዘመነ መንግሥቱ ድረስ ሳይጠገን ቆየ። በኋላ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን አምጥቶ ክዳኑን ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ አኖረ። ገንዘቡ ሲበዛ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት ይቆጥሩት ነበር። ልብ እንበል፤ ካህኑ ብቻውን አልቆጠረም፣ ጸሐፊውም ብቻውን አልቆጠረም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያስልክ ማንም እንዳይነቅፈው ተጠንቅቆ ሌሎች ወንድሞችን አብሮ አሰማርቶአል። ሐዋርያ ይህን ካደረገ፣ የገንዘብ ያዡን መዝገብ «አሳዩን» ማለት እርሱን መጠርጠር የሚመስለን ለምንድር ነው? ሦስት ቁልፍ፣ ሦስት ሰው፣ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት የሚነበብ ሒሳብ ቢኖር፣ የሚጠበቀው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ያዡም ስም ጭምር ነው። ሐሜት ያባረራቸውን ደጋግ አገልጋዮች የሚያስታውስ ሰው ይህን አይንቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስለቱንና መባውን ተሸክመው ከሚመጡት እጅግ የሚበዙት እናቶች ሆነው ሳለ፣ በምርጫው ቀን ስማቸው ሲጠራ እምብዛም አይሰማም። ስብሰባው በአማርኛ ብቻ ሲካሄድ ደግሞ በካፍኛ አሳቡን አጣፍቶ የሚናገር ሽማግሌ ዝም ብሎ ይመለሳል። ሁለቱም በቀላሉ የሚታረሙ ናቸው፤ የሚያስተረጉም አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት አይጠፋም።

ሦስት ዓመት ከበደኝ ለሚል ምእመን ከዚህ ያነሰ ሥራ አለ። ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ተመልሶ መንበሩ ከገባ በኋላ፣ የበዓሉ ሙዳየ ምጽዋት የሚከፈትበት ቀን ይነገራል። በዚያ ቀን ይምጣ፤ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጦ ይቁጠር፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርም። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።