የአካል ብቃት እንቅስቃሴ እንደየዕድሜውና እንደየአቅሙ

በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተጀመረው ከተሽከርካሪ ነፃ የመንገድ ቀን ነዋሪዎችን ለአካል ብቃት እንቅስቃሴ አደባባይ አውጥቷል። የንቅናቄው ፋይዳ የሚያጠያይቅ አይደለም። ይሁንና ወጣቱ፣ አዛውንቱና አካል ጉዳተኛው በአንድ ድምፅ ማጉያ ተመርተው አንድ ዓይነት ስፖርት መሥራታቸው የሁሉንም ፍላጎት አያሟላም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆናቸው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ደግሞ ከመውደቅ አደጋ ለመጠበቅ ሚዛንን የሚያጠናክር ልምምድ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን እንዲሠሩ ያሳስባል። መመሪያው አካል ጉዳተኞችንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውንም ያካትታል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶ ያህሉ ከሚመከረው መጠን በታች ይንቀሳቀሱ ነበር።

ቀኑን በወንበር ላይ የሚያሳልፈው የመንግሥት ሠራተኛም ለዚህ ችግር የተጋለጠ ነው። የደም ግፊት ያለበት ሠራተኛ ሐኪሙን አማክሮ በጥቂቱ መጀመርና ደረጃ በደረጃ መጨመር ይኖርበታል።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በስፖርት በእኩልነት መሳተፍን መብት አድርጎ ይደነግጋል። በመሆኑም የስፖርት ማዘውተሪያ የሚያስገነቡና አሠልጣኝ የሚመድቡ አስፈጻሚ አካላት ተሳታፊ ከመቁጠር ባሻገር፣ እነማን ሳይሳተፉ እንደቀሩና ለምን እንደቀሩ ሊያጤኑ ይገባል።