ከምስሉ በፊት ምን ይቅደም?

በሪያድ ሕክምና የምንማር ኢትዮጵያውያን በተገናኘን ቁጥር የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ አገራችን አስቀድሞ የሚያስፈልጋት መሣሪያ የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በ1975 የተከፈተው የንጉሥ ፋይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታል የራሱ ሳይክሎትሮን አለው፤ ፔት የተባለውንም የምስል ምርመራ ያካሂዳል። ይህን ያየ ተማሪ «ለጥቁር አንበሳም ይኸው ይምጣለት» ቢል አይፈረድበትም። እኛ ግን ጥያቄው ከአገራችን ተጨባጭ ሁኔታ አንጻር መታየት አለበት እንላለን።

ፎሊኩላር ሊምፎማን እንውሰድ። ይህ የንፍፊት ካንሰር በአብዛኛው ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ከታከመም በኋላ ከዓመታት ቆይታ ሊመለስ የሚችል በሽታ ነው። በፔት ምርመራ ጨረር ያለው ስኳር በደም ሥር ይሰጣል፤ ካንሰሩ ስኳሩን በብዛት ስለሚወስድ በምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የ246 ሕሙማን ጥናት እንዳመለከተው፣ ከመጀመሪያው ሕክምና በኋላ ምስላቸው ከጠራላቸው 63 በመቶ ያህሉ በሽታው ሳይብስባቸው አራት ዓመት ቆይተዋል፤ ምስላቸው እንደደመቀ ከቀረው ግን 23 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ምስሉ መጪውን ይጠቁማል፤ ይህን አንክድም።

ይሁን እንጂ መጠቆም ማዳን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የጣልያኖች ጥናት ከመጀመሪያው ሕክምና በኋላ የሚሰጠውን መድኃኒት በፔትና በሞለኪውል ምርመራ ውጤት መጥኖ ለመስጠት ሞከረ። በዚህ መንገድ ከታከሙት 72 በመቶው በሽታው ሳይብስባቸው ሦስት ዓመት ሲቆዩ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ግን 86 በመቶው ቆይተዋል።

ሁለተኛው ነጥብ ይበልጥ እኛን ይመለከታል። በአገራችን የአንገት ንፍፊት ሲያብጥ ቶሎ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው። ቲቢም በፔት ላይ እንደ ካንሰር ይደምቃል። ሁለቱን የሚለያቸው ከንፍፊቱ ተቆርጦ የሚወሰድ ናሙናና ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያነብ ፓቶሎጂስት ነው።

ሦስተኛ፣ የስኳሩ ጨረር በ110 ደቂቃ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። በመጋዘን አይከማችም፤ በአቅራቢያ የሚሠራ ሳይክሎትሮን፣ የማይቋረጥ መብራት፣ የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ጥቁር አንበሳ ለሃያ ዓመታት ያህል የመላ አገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ሲሠራ፣ በአንድ ቦታ የቆመ አንድ መሣሪያ ምን ያህል ወረፋ እንደሚያስከትል አይተናል።

«ሁሉ በተራው ይሁን ካልን ፔት መቼም አይደርሰንም» የሚሉ ጓደኞቻችን አሉ። ሥጋታቸው መሠረት አለው። እኛም መሣሪያው አይምጣ አንልም። የምንለው ናሙናን በትክክል የሚያነብ ላቦራቶሪ በየክልሉ ይቋቋም፤ እንደ ሪቱክሲማብ ያለው መድኃኒት ሳይቆራረጥ ይቅረብ፤ ፔት በእነዚህ ላይ ይታከል ነው። መድኃኒቱን ለማያገኝ በሽተኛ በሽታው እንደሚብስበት አስቀድሞ መንገር ምን ይጠቅመዋል?

ይህ ለመንግሥት ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የሙያ ዘርፍ የምንመርጥበት ጊዜ ደርሷል። ከመካከላችን ፓቶሎጂን አንደኛ ምርጫው የሚያደርግ ስንት ነው? ማኅበራችን ይህን ጥያቄ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አድርጎ እንዲያቀርብልን እንጠይቃለን።