ለመንፉሐ ሠራተኛ የትኛው መኪና ይሻለዋል?

በሪያድ ከተማ በስተ ደቡብ በምትገኘው በመንፉሐ የሚኖረው የሀገራችን ሰው፣ በብዙ ዓመት ድካም ያጠራቀመው ገንዘብ መኪና ለመግዛት የሚበቃ በሆነ ጊዜ፣ ሁለት አሳብ በልቡናው ውስጥ ይሟገቱበታል። አንደኛው አሳብ፣ ገበያና እርሻ የሚያውቅ ፒክአፕ ገዝቶ በሀገር ቤት ላሉት ወገኖቹ ሥራ መክፈት ነው፤ ሁለተኛው አሳብ ደግሞ ሕዝባችን በሞተሩ ስም ቪ8 እያለ የሚጠራውን ላንድክሩዘር፣ ወይም ይህንኑ የመሰለ ባለ ግርማ የቤት መኪና ገዝቶ በተወለደበት ቀዬ ከብሮ መታየት ነው። ጉዳዩን ላይ ላዩን ሲያዩት የአንድ ሰው የግል ምርጫ ይመስላል፤ ነገር ግን የስደት ጥሪት ከስንት መከራ በኋላ እንደሚገኝና እንዴት ፈጥኖ እንደሚባክን ለተመለከተ ሰው፣ የአንድ ቤተ ሰብ የነገ ኑሮ በዚህ ምርጫ እንደሚወሰን ግልጽ ነው። እኔ ፍርዴን አስቀድሜ እናገራለሁ፦ በሰው ሀገር በጉልበቱ ለሚያድር ሰው የመጀመሪያው መኪና ፒክአፕ ሊሆን ይገባል።

መንፉሐ የታላቂቱ ከተማ አንድ ሠፈር ከመሆኗ በፊት፣ በሐኒፋ ሸለቆ ዳር፣ በተምር አትክልት መካከል የቆመች፣ ራስዋን የቻለች ጥንታዊት መንደር ነበረች። ከእስልምና መነሣት በፊት ተወልዶ እስከ ነቢዩ መሐመድ ዘመን የኖረው ዕውቁ የዐረብ ባለቅኔ አል-አዕሻ የዚህች ስፍራ ልጅ ሲሆን፣ ሀብት ፍለጋ አገር ለአገር እንደ ዞረና እስከ ነጋሢው ምድር፣ እስከ ሐበሻ እንደ ደረሰ በቅኔው ተናግሯል። ዛሬ መንገዱ ተገልብጦ፣ ከወሎና ከራያ፣ ከጅማና ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከትግራይ የተነሣው ወገናችን፣ አንዱ በሥራ ውል በአየር፣ ሌላው በባቲ በኩል የአፋርን በረሓ አቋርጦ፣ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ባሕር ተሻግሮ፣ ጦርነት ያደቀቃትን የመንን አልፎ፣ ያንኑ ሀብት ፍለጋ ወደ መንፉሐ ይመጣል። እኅቶቻችን በሰው ቤት አጥበውና አብስለው፣ ወንድሞቻችንም በሾፌርነት፣ በዘበኝነት፣ በእረኝነትና በቀን ሥራ ደክመው የሚያገኙት ሪያል እንግዲህ በዕድሜ የተገዛ ገንዘብ ነው።

በዕድሜ የተገዛው ይህ ገንዘብ፣ ባለቤቱ በማይጸና መሬት ላይ ቆሞ የሚሰበስበው መሆኑም ሊታሰብ ይገባል። የስደተኛው ሠራተኛ ኑሮ ኢቃማ በሚባለው የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማውም ከፊል በሚባለው አሠሪው ፈቃድ የታሰረ ነው፤ ያለ ፈቃድ የገባው ደግሞ ሹርጣ፣ ማለትም ፖሊስ፣ ዛሬ ያገኘኝ ይሆን እያለ ያድራል። በ2006 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ፣ የሳዑዲ መንግሥት ለሰባት ወራት የሰጠው የምሕረት ጊዜ ባለቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመንፉሐ የተነሣው ሁከት የወገኖቻችንን ሕይወት እንደ ቀጠፈ፣ ከዚያም በኋላ በነበሩት ጥቂት ወራት ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን ወደ ሀገራቸው እንደ ተመለሱ የምንዘነጋው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በመጋቢት ወርም፣ ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው 100,000 ያህል ዜጎችን የመመለስ ጉዞ ተጀምሯል። ከተመላሾቹ ብዙዎቹ ቦሌ ሲደርሱ በእጃቸው የነበረው አንድ ሻንጣ ወይም አንድ ፌስታል ነበር፤ እንዲህ ባለችው ቀን ሰውን የሚቀበለው አስቀድሞ በሀገሩ ያቆመው ሥራ ነው። ሥራ የሚሠራ መኪና ባለቤቱ በድንገት ቢመለስ እንጀራ ይሆነዋል፤ ለክብር የቆመ መኪና ግን የሪያሉ መምጣት በተቋረጠበት ወር ነዳጁን፣ ቦሎውንና መድኑን እየጠየቀ ይጠብቀዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ የሠራተኛው ልብ ወደ ባለ ግርማው መኪና የሚያዘነብልበትን ምክንያት በርኅራኄ መመርመር ይገባል። በሪያድ ባለጸጎች ግቢ የሚያገለግል ሰው፣ ሾፌርም ይሁን የቤት ሠራተኛ፣ ጧት ማታ የሚያየው የታጠበ ላንድክሩዘርና ጂ.ኤም.ሲ. ነው፤ የአሠሪው ክብር በዚያ መኪና የሚገለጥ ስለሚመስለው፣ እርሱም ራሱን የሚችልበትን ቀን ሲያስብ በዚያው አምሳል ያስባል። ነገር ግን የባለጸጋው ሀብት ሁሉ በግቢው ውስጥ አይታይም። ከከተማው ወጥቶ ወደ አል-ኸርጅ እርሻዎች የወረደ ሰው፣ ለበጎች ድርቆሽ፣ ለተምሩ ማዳበሪያ፣ ለድንኳኑ ውሃ የሚመላለስበትን፣ ዐረቦቹ ወኒት የሚሉትን ፒክአፕ አቧራ ለብሶ ሲሠራ ያገኘዋል። ቶዮታ በ1955 እ.ኤ.አ. በዓብዱል ለጢፍ ጀሚል ወኪልነት ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ከገባ፣ ሃይሉክስ የተባለውም ፒክአፕ በ1968 እ.ኤ.አ. ለዓለም ገበያ ከቀረበ ወዲህ፣ እርሻውን ከገበያ፣ በረሓውን ከከተማ ካገናኙት መሣሪያዎች አንዱ ይህ ትሑት መኪና ነው። እንግዲህ ባለጸጋው ባለ ግርማውን መኪና የሚገዛው ከትርፉ ሲሆን፣ የእኛ ሰው ሊገዛው የሚያስበው ከመነሻ ጥሪቱ ነው፤ አገልጋዩ ያየው የሀብቱን ፍሬ እንጂ ሥሩን ስላልሆነ፣ ፍሬውን ሳይተክል ሊለቅም ይመኛል።

ይህ ምኞት በእኛም ሀገር ያረጀ መሠረት አለው። የመጀመሪያይቱ አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባችው ለዳግማዊ ምኒልክ ስለ ነበረ፣ መኪና በሕዝባችን ዐይን ከጥንቱ የሹመትና የሞገስ ምልክት ሆኖ ታየ፤ ከዚያም በፊት መኳንንቱ በወርቅ ያጌጠ ኮርቻ በተጫነች ሰጋር በቅሎ ሲያልፉ ሕዝቡ እጅ ይነሣ ነበር። ሆኖም ሰጋር በቅሎ የነበራቸው አባቶች ሁሉ አስቀድሞ አጋሰስ ነበራቸው፤ አጋሰሱ እህሉን ወደ ገበያ፣ አሞሌውን ወደ ቤት ባያመላልስ ኖሮ የሰጋሯ ገብስ ከየትም አይገኝም ነበር። የዛሬው ስደተኛ አጋሰሱን ሳይገዛ ሰጋሯን ሲገዛ፣ ቀለቧን ዕድሜ ልኩን ከሪያድ ሊልክ ራሱን ያስገድዳል። በመጻሕፍቶቻችን ውዳሴ ከንቱ የሚባለው ይህ ነው፤ ለሚያደንቅ ሰው ዐይን ሲባል የልጅን ሲሳይ ማጉደል ማለት ነው።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። በሀገራችን ቪ8 የተባለው ላንድክሩዘር በናፍጣ የሚሠራው ዐይነት 8 ሲሊንደርና 4,461 ሲሲ ሞተር ያለው፣ ክብደቱም ከ2 ቶን ተኩል የሚያልፍ መኪና ነው፤ ሃይሉክስ ግን በ4 ሲሊንደር፣ በ2.4 ወይም በ2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር እየሠራ ወደ 10 ኩንታል የሚጠጋ ይጭናል። መንግሥት ከሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከያዘ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ 48 ብር ገደማ ይሸጥ የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ናፍጣም ከዚሁ ብዙ አልራቀም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ታክሱን በሞተር መጠንና በዕድሜ እየከፈለ፣ ትልቅ ሞተር ባለው ያረጀ አውቶሞቢል ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል፤ የጭነት ተሽከርካሪን ደግሞ ከአውቶሞቢል ለይቶ በሌላ ምድብ ያየዋል። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ በኋላማ፣ ባለ ግርማውን የነዳጅ መኪና የሚመኝ ሰው በፊት የገባውን እጥረት ባናረው ዋጋ ከሌላ ሰው እጅ ለመግዛት ይገደዳል። ስለዚህ ከሪያድ ሐራጅ ማንኛውንም መኪና ገዝቶ በጂቡቲ በኩል ሊያስገባ የሚያስብ ሰው፣ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የጉምሩክ ኮሚሽንን የዕለቱን መመሪያ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባዋል። የጥገናውም ነገር እንዲሁ ነው፤ የሃይሉክስን ሞተር የሚያውቅ መካኒክ በደሴም በኮምቦልቻም ሲገኝ፣ በኤሌክትሮኒክስ የተሞላው የቅንጦት መኪና ግን ለአንድ ብልሽት አዲስ አበባ ድረስ ያስጉዛል።

ለባለ ግርማው መኪና የሚከራከሩ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ግን የሚናቅ አይደለም። ብር በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተፈቀደና የውጭ ዕቃ ዋጋ ከናረ ወዲህ፣ ላንድክሩዘር የያዘ ሰው ገንዘቡን በባንክ ካስቀመጠው ይልቅ ሀብቱን ጠብቋል ይላሉ፤ ለሠርግና ለድርጅት ይከራያል፣ በክፉ መንገድም ቤተ ሰብን በምቾት ያደርሳል ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ዋጋን መጠበቅ ለፒክአፕም የተሰጠ ጸጋ ነው፤ ያውም ዋጋውን እየጠበቀ በየሳምንቱ ገቢ ያስገባል። የሠርግ ኪራይ ወቅት አለው፤ በዐቢይ ጾምና በረመዳን ይቀዘቅዛል፤ እህልና አትክልት ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጭናቸውን ይፈልጋሉ። ለቤተ ሰብ ምቾትም ቢሆን ባለ ሁለት ጋቢናው ፒክአፕ አምስት ሰው በወግ ያስቀምጣል።

የፒክአፕ ጥቅም በይበልጥ የሚታወቀው ከመንፉሐ ሠራተኞች ብዙዎቹ በተወለዱበት በወሎና በአጎራባቹ ቆላ ነው። በከሚሴና በሸዋ ሮቢት ማሾ፣ በቆቦ ሜዳ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመረተ ገበሬ፣ መጫኛ ከሌለው ደላላው ማሳው ድረስ መጥቶ በቆረጠለት ዋጋ ይሸጣል፤ ቲማቲም ብዙ ቀን የማይታገሥ ፍሬ ስለ ሆነ እምቢ ለማለት ጊዜ የለውም። የራሱ መኪና ያለው ቤተ ሰብ ግን የኮምቦልቻን ዋጋ ከደሴው አስተያይቶ፣ ወደሚሻለው ገበያ ይወርዳል ወይም ይወጣል፤ ሲመለስም ማዳበሪያና ሲሚንቶ ጭኖ ለጎረቤቱ ያደርሳል፤ የታመመን ወደ ሆስፒታል ያመጣል። በዚህ መልክ አንዲት መኪና ለሾፌሩ ደመወዝ፣ ለጫኝና አውራጁ የቀን ገቢ፣ ለገበሬው የተሻለ ዋጋ፣ በመንፉሐ ላለችው ልጅ ደግሞ መመለሻ መንገድ ትሆናለች።

ነገር ግን ፒክአፕ መግዛት ብቻውን አያጸድቅም፤ ሥርዐት ያስፈልገዋል። ሊብሬው በገዢው ስም ሊወጣ ይገባል፤ ገንዘቡ የእኅት ሆኖ ሊብሬው በወንድም ስም ስለ ወጣ፣ ከዐሥር ዓመት ድካም በኋላ በገዛ ሀብቷ ባዕድ የሆነች ስንት ልጅ አለች። ስለዚህ ውክልናው በኤምባሲ በኩል ተረጋግጦ፣ መሸጥንና ማስያዝን ሳይጨምር መንዳትንና ማስተዳደርን ብቻ የሚፈቅድ ይሁን። መኪናው ለንግድ የሚሠራ ከሆነ በንግድ መኪናነት ተመዝግቦ፣ የንግድ ፈቃድና የሦስተኛ ወገን መድን ይኑረው፤ ገቢና ወጪውም በደብተር ተጽፎ በየወሩ ለባለ ንብረቷ ይላክላት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከኋላ ያለው መጫኛ ለዕቃ እንጂ ለሰው አልተሠራምና፣ ለጥቂት ብር ሲባል የገበያ መንገደኛ በላዩ መጫን ነፍስን በገንዘብ መለወጥ ስለ ሆነ በጥብቅ ይከልከል።

ይህን አሳብ ሃይማኖቶቻችንም ይደግፉታል። በቅዱስ ወንጌል ገብር ኄር የተባለው አገልጋይ የተመሰገነው የተቀበለውን መክሊት ነግዶበት ስላተረፈ ነው፤ ቀብሮ ያቆየው ግን ምንም እንኳ ባያጠፋው ተወቅሷል። በመንፉሐ ካሉት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሆኑት ሙስሊሞችም በቁርኣናቸው ኢስራፍ፣ ማለትም ከልክ ያለፈ ወጪ፣ እንደሚነቀፍ ከሕፃንነታቸው ተምረዋል። መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም አንድ ቃል በሚናገሩበት በዚህ ነገር፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ ተቀምጦ የእገሌ ልጅ ቪ8 ላከ፣ የእኛ ልጅ ምን ላከ የሚለው የሀገር ቤት ወሬ ሊያሸንፍ አይገባውም።

ስለዚህ የመጨረሻ ቃሌ ለሁለት ወገን ነው። በሀገር ቤት ያላችሁ አባቶች፣ እናቶችና ወንድሞች ሆይ፣ ልጃችሁ በሰው ደጅ ቆማ ያገኘችውን ገንዘብ ለደጃችሁ ማስጌጫ አትጠይቋት፤ ሥራ ስትልክላችሁ አክብራችሁ ሥሩበት፣ ሒሳቡንም በእውነት አስረክቧት። በመንፉሐ ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች ሆይ፣ ባለ ግርማውን መኪና መውደዳችሁ ነውር የለበትም፤ ፒክአፑ ሠርቶ ሌላ መኪና የሚገዛ ትርፍ ያስገኘ ዕለት፣ ከዚያ ትርፍ ግዙት፤ ያን ጊዜ ክብሩ በእርግጥ የእናንተ ይሆናል። እስከዚያው ግን መጀመሪያ የሚያበላችሁን መኪና ግዙ።