ቃል የሌለውን ዜማ በቤተ ሰብ ስለ ማዳመጥ

ቃል የሌለው ሙዚቃ በቤታችን ውስጥ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፤ ዘፋኙ እስኪጀምር ተብሎ ጥቂት ዝም ይባላል፤ ዘፋኝ አለመኖሩ በታወቀ ጊዜ ግን ጨዋታው ይቀጥላል፤ ዜማውም እንደ ዝናም ድምፅ ከደጅ ይቀራል። ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም። የአገራችን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ዘፈንን የሚመዝነው በግጥሙ ነው፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈልግ የሚያልፍ አድማጭ እንደ ሰነፍ ይቈጠራል። ስለዚህ ግጥም የሌለበት ነገር ሲቀርብለት ምኑን እንደሚይዝ ቢቸግረው አያስደንቅም።

እኛ ግን፥ የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ በቆቦና በራያ ቈላ ያላችሁ ቤተ ሰቦች እንዲህ ላለው ሙዚቃ የተዘጋጀ ጆሮ እንዳላችሁ ለማስረዳት እንወዳለን። ለምሳሌ የምናነሣውም ኃይሉ መርጊያ በኒው ዮርክ፥ በብሩክሊን፥ ፓዮኒር ወርክስ በተባለው አዳራሽ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2016 ዓ. ም. በሕዝብ ፊት ተጫውቶ፥ በ2023 ዓ. ም. በአልበም የወጣውን ሥራ ነው። በዚህ አልበም ውስጥ ይልቁንም የሚሰማው የኪቦርድና የቤዝ ጊታር ምልልስ ሲሆን፥ ከነሱ ጋራ አንድ ከበሮ መቺ አለ።

ኃይሉ መርጊያ ቀድሞ በአዲስ አበባ በሒልተን ሆቴል ከዋልያስ ባንድ ጋራ ይጫወት የነበረ ነው። ባንዱ በ1977 ዓ. ም. እንደ ፈረንጆች ያወጣው «ቸ በለው» የተባለው ሸክላ እስከ ዛሬ ይፈለጋል። በ1981 ዓ. ም. ከባንዱ ጋራ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዚያው ቀረ፤ በዋሽንግተንም ብዙ ዘመን ታክሲ ነጂ ሆኖ ኖረ። መንገደኛ እስኪመጣ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን በመኪናው ውስጥ እያወጣ ጣቱን ያለማምድ ነበር ይባላል። የቀድሞ ሥራው በ2013 ዓ. ም. እንደገና ታትሞ በወጣ ጊዜ ወደ መድረክ ሊመለስ የቻለው ይህን ልማድ ስላልተወ ይመስለናል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የቆቦ ልጃገረዶች ሶለል ሲጫወቱ የሰማ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ አንዲቱ ታወጣለች፥ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ከበሮውም ሁለቱን ወገን ያስተሳስራል። አሁን ቃሉን ከሶለሉ ላይ በሐሳባችሁ አንሡት። የሚቀረው ምንድር ነው? ማውጣትና መቀበል፥ መቅደምና መጠበቅ ይቀራል። የኪቦርዱና የጊታሩ ነገር ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። ኪቦርዱ ያወጣል፤ ቤዙ በወፍራም ድምፁ ይቀበላል፤ አንዳንድ ጊዜም ተቀባዩ አውጪውን ወደፈለገው መንገድ ይስበዋል። ይህን ለማወቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በመሣሪያ ብቻ የሚነገረው ቋንቋ ቅኝት ነው፤ ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ሁለቱ፥ አምባሰልና ባቲ፥ ስማቸውን ከወሎ ምድር የያዙ ናቸው። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ቢኖራቸውም ጠባያቸው ይለያያል። በአምባሰል ሁለተኛው ድምፅ ለመነሻው እጅግ የቀረበ ስለ ሆነ፥ ዜማው ወደ ቤቱ ሲመለስ በጠባብ በር እንደሚገባ ሰው አንገቱን ደፋ ያደርጋል። ባቲ ግን ከመነሻው ሲነሣ ሰፊ እርምጃ ይራመዳል። የወሎ ልጅ አምባሰልን በግጥሙ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፥ ግጥሙ በተነሣ ቀን የገዛ አገሩን ስም ሳይለይ ይቀራል፤ እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው።

በኪቦርድ ላይ የሚነሣው ወቀሳ ግን በከፊል እውነት ነው። የመሰንቆ ጭራ ጣት በፈለገው ስፍራ ስለሚይዘው ድምፁ ይንሸራተታል፤ የኪቦርድ ቍልፍ ግን ከተሰጠው ድምፅ ወዲያም ወዲህም አይልም። በዛሬ ዘመን ሠርግ ደግሞ አንድ ሰው ከበሮውንም ቤዙንም ለመሣሪያው ትቶ ብቻውን ሲጫወት ማየት የተለመደ ሆኗል። በእንዲህ ያለው ጨዋታ አውጪ እንጂ ተቀባይ የለም፤ የራያም ምት እንደ ሰዓት ቈጣሪ ደርቆ ይቀራል። በሕዝብ ፊት የተቀረጸውን አልበም የምናስመርጠውም ስለዚሁ ነው። ሰው ለሰው ሲመልስ፥ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ሲታገሠው፥ አድማጩም ሲያጨበጭብ ይሰማበታል። የቍልፉን ድርቅና ደግሞ ብልኅ ተጫዋች ጣቱን በሁለት ድምፆች መካከል ፈጥኖ በማመላለስ ያለዝበዋል።

በቤት ሲሰማ የቡና ሰዓት መልካም ነው፤ ነገር ግን አቦሉ ተቀድቶ እስኪጠጣ ድረስ ወሬ ባይነሣ ይሻላል። በስልክ የሚሰማም ቢሆን ከድምፅ ማጉሊያ ጋራ ይያያዝ፤ በስልኩ ብቻ ቤዙ ጨርሶ ስለሚጠፋ የምልልሱ እኩሌታ ይቀራልና። ልጆቹ ቅኝቱን በስሙ እንዲጠሩት ይጠየቁ። እመት አያታቸው በዜማው ላይ የሚገጥም ግጥም ትዝ ብሏቸው በለሆሳስ ቢያንጐራጕሩ ማንም ዝም በሉ አይበላቸው። በቶናው ላይ ያው ዜማ ሁለተኛ ይከፈትና፥ በዚህኛው ጊዜ ኪቦርዱን ትቶ ቤዙን ብቻ የሚከተል አንድ ሰው ከቤተ ሰቡ ይመረጥ።