ሰፊ ጎማና ወፍራም ብረት ለማን ይጠቅማል?

መኪና በሚወዱ ወጣቶች ዘንድ አንድ እምነት ተስፋፍቶ ይገኛል። ይኸውም፤ መኪና በመታጠፊያ ላይ እንዲፈጥን ከተፈለገ ከሥሩ ወፍራም ብረት ማሰር፤ ከእግሩ ሰፊ ጎማ ማድረግ ይበቃል የሚል ነው። ሐሳቡ ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ግማሽ እውነት በመሆኑ ብዙ ወጣት ደመወዙን ያፈስበታል። ስለዚህ ይህ እምነት በየት በኩል እንደሚጎድል በዛሬው ጽሑፌ ለማሳየት አስቤአለሁ።

ነገሩ በደንብ የሚታየው አሜሪካኖች «አውቶክሮስ» በሚሉት ውድድር ላይ ነው። በሰፊ የአስፋልት ሜዳ ላይ የፕላስቲክ ምልክቶች ይደረደራሉ፤ ነጂው በመካከላቸው ግራና ቀኝ እየታጠፈ ያልፋል፤ የሚፎካከረውም ከሰዓት ጋር ነው። አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። አንድ ምልክት የጣለ ሰው 2 ሴኮንድ ይጨመርበታል። ይህን ውድድር በሰፊው የሚመራው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም. የተመሠረተው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክበብ ሲሆን፤ የመላ አገሪቱን ሻምፒዮና በ1973 ጀምሮ፤ ከ2009 ወዲህ በነብራስካ በምትገኘው በሊንከን ከተማ ሲያካሂድ ቆይቷል። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢም የክበቡ ቅርንጫፍ ውድድር ያዘጋጃል። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ የሚመጡት በየዕለቱ ሥራ በሚሄዱባት መኪና ነው፤ ወደ ቤታቸው የሚመለሱትም በዚያችው ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

እንግዲህ ስለ ብረቱ እንናገር። ስታቢላይዘር የሚባለው ብረት የግራውንና የቀኙን ጎማ ተሸካሚ በአግድም የሚያያይዝ ነው። መኪናው ሲታጠፍ ወደ አንድ ወገን ሊያዘነብል ይሞክራል፤ ያን ጊዜ ብረቱ እንደሚጨመቅ ጨርቅ ይጠመዘዛል፤ መጠምዘዙንም ስለሚቃወም ማዘንበሉን ይከላከላል። የብረቱ ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው። ስለዚህ 19 ሚሊሜትር የሆነውን ድፍን ብረት፤ ርዝመቱና ቅርጹ አንድ በሆነ ባለ 22 ሚሊሜትር ብረት ብንለውጠው፤ ልዩነቱ ለዓይን 3 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ ጥንካሬው 80 በመቶ ያህል ይጨምራል።

ይህን ያየ ወጣት፤ «እንግዲያውስ ከፊትም ከኋላም የመጨረሻውን ወፍራም ልግዛ» ይላል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በመታጠፊያ ላይ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጭኛው የሚሻገረው ክብደት በዋናው የሚወሰነው በመኪናው ክብደት፤ ክብደቱ ባረፈበት ከፍታ፤ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ባለው ርቀትና በአስተጣጠፉ ፍጥነት ነው። ብረቱ ይህን ድምር አይቀንሰውም። ብረቱ የሚያደርገው፤ ከተሻጋሪው ክብደት ፊተኛው ወገን ስንቱን፤ ኋለኛው ወገን ስንቱን ይቀበል ብሎ ማካፈል ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ግንድ ቢሸከሙና አንደኛው ወደ ራሱ ቢስበው፤ ለጓደኛው ይቀለዋል እንጂ ግንዱ አይቀልም።

ጎማ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው። ሸክሙ እጥፍ ቢሆን መሬት የመያዝ ኀይሉ እጥፍ አይሆንም፤ ከእጥፍ ያንሳል። ስለዚህ በአንድ ወገን ውጭኛው ጎማ እጅግ ሲጫንና ውስጠኛው ሲቀልለት፤ ሁለቱ በአንድነት የሚይዙት ከቀድሞው ያነሰ ይሆናል። ከዚህ የምንረዳው፤ ብረቱ የወፈረበት ወገን አብዛኛውን ጊዜ መሬቱን በመያዝ ረገድ እንደሚደክምና ሌላው ወገን እንደሚበረታ ነው።

ስለዚህ ለአንዱ መኪና መድኀኒት የሆነው ለሌላው በሽታ ነው። እንደ ሆንዳ ሲቪክ ያለ በፊት ጎማዎቹ የሚጎተት መኪና፤ መሪው ተጠምዝዞም ቢሆን አፍንጫው ወደ ውጭ የመሄድ ጠባይ ስላለው፤ ብዙዎች የኋላውን ብረት ያወፍሩለታል። እንደ ማዝዳ ሚያታ ባለ በኋላ ጎማዎቹ በሚገፋ ቀላል መኪና ላይ ግን፤ ከመታጠፊያ ሲወጣ ውስጠኛው የኋላ ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር ብዙውን ጊዜ የሚወፍረው የፊቱ ነው። የባልንጀራውን መኪና አይቶ ያንኑ የሚገዛ ሰው፤ የሰውን መነጽር ተውሶ ለማንበብ እንደሚሞክር ነው።

አንዳንዶች፤ «ማዘንበል ራሱ ጉዳት አይደለምን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአንዳንድ መኪናዎች፤ በተለይም የፊት እግራቸው በአንድ ቋሚ ምሰሶ በተሠራ፤ ማዘንበል ሲበዛ ጎማው ይጋደምና በጠርዙ ብቻ ይረግጣል። ያን ጊዜ የፊቱን ብረት ማጠንከር ጎማውን ቀና አድርጎ ስለሚያቆመው ትርፉ ከኪሳራው ሊበልጥ ይችላል። ይህም ቢሆን የመኪናውን ጠባይ አስቀድሞ ማወቅን የሚጠይቅ ነው።

ወደ ጎማው እንለፍ። ብዙ ሰው ሰፊ ጎማ መሬቱን በሰፊው ይረግጣል ብሎ ያምናል። ነገር ግን የሚረግጠው ስፋት በአብዛኛው የሚወሰነው በጫናውና በውስጡ ባለው አየር ነው። አየሩ አንድ ከሆነ፤ ሰፊው ጎማ የሚረግጠው ቦታ በአግድም ይሰፋል፤ በቁመት ያጥራል። ይህ ቅርጽ ለመታጠፍ በእውነት ይጠቅማል፤ ሙቀቱንም ለብዙ ላስቲክ ያካፍላል። ሆኖም ቸርኬው ካልሰፋ ጥቅሙ ይባክናል። ለምሳሌ 225/45 ባለ 17 የተባለው ጎማ የሚፈልገው ከ7 እስከ 8.5 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ነው፤ በጠባብ ቸርኬ ላይ ቢገባ ጎኑ ታጥፎ እንደ ለስላሳ ጫማ ይዋልላል። ደግሞም ሰፊ ጎማ ይከብዳል፤ በአንድ ደቂቃ ሩጫም ቀላል መኪና ላይ ሳይሞቅ ሊቀር ይችላል። በበኩሌ፤ ከስፋቱ ይልቅ የላስቲኩ ዓይነት መጀመሪያ ሊታይ ይገባል እላለሁ።

የክበቡ ደንብም ለማሰብ ያስገድዳል። «ስትሪት» በተባለው ክፍል የሚወዳደር ሰው የቸርኬውን ስፋት አይለውጥም፤ የጎማው የዕድሜ ቁጥር ከ200 ማነስ የለበትም፤ ብረትም ቢለውጥ ከፊቱ ወይም ከኋላው አንዱን ብቻ ነው። አንዱን ብቻ ለመምረጥ የተገደደ ሰው ከገንዘብ ቦርሳው አስቀድሞ አእምሮውን ይከፍታል።

ታዲያ ጀማሪው ምን ያድርግ? እንደኔ አስተያየት በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የአየር መለኪያና አንድ ጠመኔ ነው። የጎማው ፊትና ጎን በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ በጠመኔ ያስምር፤ አንድ ዙር ነድቶ ይመልከት። ጠመኔው እስከ ጎኑ ድረስ ከጠፋ አየሩ አንሷል፤ ከጠርዙ ሳይደርስ ከቀረ በዝቷል። አየሩን ጥቂት ጥቂት እየለወጠ ሰዓቱን ይመዝግብ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አይለውጥ፤ ብረትና ጎማ በአንድ ሳምንት የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው ሊያውቅ አይችልም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ።

ከሰዓቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የመመለሻው መንገድ ነው። የኋላ ብረቱ እጅግ የጠነከረ መኪና በደረቅ ሜዳ ላይ ደስ ይላል፤ ቢሽከረከርም የሚወድቀው ፕላስቲክ ነው። ማታ ዝናብ በወረደበት መንገድ ላይ ግን ያው ጠባይ ጅራቱን አስቀድሞ ያስወረውረዋል። ሰፊ ጎማም የመርገጫው ጥርስ ሲያልቅ በውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል። ጎርበጥባጣ በሆነ መንገድ ላይ ደግሞ ጠንካራው ብረት የአንዱን ጎማ መናጥ ለሌላው ያደርሳል፤ ይህን የኛ አገር ነጂ ሳይነገረው ያውቀዋል። በሜዳው 2 ሴኮንድ የሚያስቀጣ ስሕተት በጎዳናው ላይ የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

ስለዚህ ብረት ለማወፈርና ጎማ ለማስፋት የተነሣ ወጣት፤ «መኪናዬ የሚያንሸራትተው በየትኛው ወገን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን በራሱ ሰዓትና በራሱ ጠመኔ ካገኘ፤ የሚገዛው ዕቃ ጥቂት፤ የሚጠቅመውም ብዙ ይሆናል። መልሱን ሳያገኝ የሚገዛ ግን ነጋዴውን ይጠቅማል።