ሱሪ ለባሹ የማይጠየቀው ጥያቄ

«በችሎታ እንጂ በጾታ አይሁን» የምትል አንዲት አባባል አለች። ደግ አባባል ናት። ሲሰሟት ጆሮ አትቆረቁርም፤ ሲናገሯትም አዋቂ ታስመስላለች። በሹመት ወሬ መሐል ጣል የሚያደርጋት ሰው ሁሉ ራሱን ከአድልዎ የጸዳ ዳኛ አድርጎ ይቆጥራል። ችግሯ አንድ ብቻ ነው። ወንድ ሲሾም ትተኛለች፤ ሴት ስትሾም ትነቃለች።

ይህችን አባባል ለመሞገት ወደ አሜሪካ ልሻገር ነው። «እዚሁ ሞልቶልህ እዚያ ድረስ ምን አስኬደህ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያስኬደኝ ምክንያት ይህ ነው። በዚያ አገር ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ምክትሉን የሚመርጠው በገዛ ፈቃዱ ነው። የፓርቲው ጉባኤ ያጸድቅለታል እንጂ ፈተና የለ፣ የቅጥር ኮሚቴ የለ፣ ነጥብ የለ። አንድ ሰው አንድ ሰው ይመርጣል፤ አገር ምድሩም ቁጭ ብሎ ያያል። የሿሚው የልብ ሚዛን እንዲህ አደባባይ የሚወጣበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። (የማነሣቸው ዓመታት፣ የእኛ መሆናቸውን ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለፕሬዚዳንትም ሆነ ለምክትሉ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በትውልዱ አሜሪካዊ የሆነ፣ 35 ዓመት የሞላው፣ በአገሪቱ 14 ዓመት የኖረ። ዲግሪ አይል፣ የሥራ ልምድ አይል፣ ሱሪም ቀሚስም አይል። የምክትሉ ሥራም ቢሆን በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ሴኔቱን ይመራል፤ ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን የራሱን ጨምሮ ይለያል። ከዚያ የተረፈው መጠበቅ ነው።

ይሁንና ይህ መጠበቅ የዋዛ አይደለም። ከ1841 እስከ 1974 ድረስ ዘጠኝ ምክትሎች አለቃቸው ሞቶ ወይም ሥልጣን ለቆ በድንገት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ስለዚህ «ይህ ሰው ነገ ጠዋት አገር መምራት ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ፣ እንዲያውም ግዴታ ነው። እኔ ጥያቄው ይቅር ባይ አይደለሁም። ክርክሬ ጥያቄው ለማን ቀርቦ ለማን ቀረ የሚል ነው።

እስቲ ወንዶቹ እንዴት እንደተመረጡ እንይ። አብርሃም ሊንከን በ1864፣ በእርስ በርሱ ጦርነት መሐል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ የተጣመሩት ከአንድሪው ጆንሰን ጋር ነበር። ጆንሰን ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ ኋላም አገረ ገዥና ሴኔተር የሆኑ ሰው ናቸው። የተፈለጉት ግን ስለዚህ ሁሉ አልነበረም። ደቡባዊ ስለሆኑና ከተቃራኒው ፓርቲ ስለመጡ ነው። በቃለ መሐላቸው ዕለት መጠጥ ቀማምሰው መጥተው አደባባይ ላይ ተንተባተቡ። ስድስት ሳምንት ያህል እንደቆየ ሊንከን ተገደሉና አገሪቱ በእኚህ ሰው እጅ ወደቀች። በ1868 ምክር ቤቱ ከሷቸው በሴኔት ሲዳኙ ከመሻር የዳኑት በአንድ ድምፅ ነው።

ሃሪ ትሩማንን እንውሰድ። በ1944 የፓርቲው ጌቶች የነበረውን ምክትል ስላልወደዱ ያስማማል ብለው ያመጧቸው ሰው ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበራቸውም። በምክትልነት 82 ቀን እንደሠሩ ሩዝቬልት ሞቱ። አገራቸው አቶሚክ ቦምብ እየሠራች መሆኗን እስከዚያ ቀን ድረስ በቅጡ የነገራቸው ሰው አልነበረም። በ1960 ኬኔዲ ሊንደን ጆንሰንን ሲመርጡ ቴክሳስንና ደቡቡን አስበው እንደሆነ የማያውቅ የለም። በ1968 ኒክሰን የመረጧቸው ስፓይሮ አግኒው የሜሪላንድ አገረ ገዥ ከሆኑ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በ1973 በግብር ማጭበርበር ክስ ሥልጣን ለቀቁ። የትልቁ ቡሽ ምክትል ዳን ኩዌል ደግሞ በ1992 አንድ ትምህርት ቤት ሄደው «ድንች» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትክክል የጻፈ ተማሪ ፊደል እንዲጨምርበት አድርገው አሳሳቱት።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በልልኝ። ኩዌል ሲሳሳቱ ኩዌል ተሳሳቱ ተባለ። አግኒው ሲዋረዱ አግኒው ተዋረዱ ተባለ። «እንግዲህ ወንድ ሞክረን አየነው፣ ይብቃን» ያለ ፖለቲከኛ አልተሰማም። እነዚህ ሰዎች የተመረጡበትን ዘዴ አሜሪካኖች ራሳቸው «ሚዛን መጠበቅ» ይሉታል። ዕጩው ሰሜናዊ ከሆነ ምክትሉ ደቡባዊ፣ ዕጩው ሽማግሌ ከሆነ ምክትሉ ጎልማሳ ይሆናል። በእኔ አማርኛ ይህ ኮታ ነው። የደቡብ ኮታ፣ የዕድሜ ኮታ፣ የሃይማኖት ኮታ። ሱሪ ስለለበሰ ግን ስሙ ተለውጦ «ብልሃት» ተባለ።

አሁን ወደ ሴቶቹ እንምጣ። በ1984 ዋልተር ሞንዴል ወይዘሮ ጄራልዲን ፌራሮን መረጡ። ከታላላቆቹ ሁለት ፓርቲዎች በአንዱ ለምክትልነት የቀረቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። መምህርት ነበሩ፤ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ፤ ከ1978 ምርጫ ጀምሮ የኒውዮርክን ኩዊንስ ሕዝብ ወክለው ሦስተኛ የምክር ቤት ዘመናቸው ላይ ነበሩ። ሚሲሲፒ ሲደርሱ የግዛቲቱ የእርሻ ኃላፊ ምን ቢጠይቃቸው ጥሩ ነው? ሙፊን የሚባለውን ኬክ መጋገር ይችሉ እንደሆነ! እችላለሁ፣ አንተስ ትችላለህ ወይ ብለው መለሱለት። በቴሌቪዥን ደግሞ የኑክሌሩን ቁልፍ ለመጫን ጥንካሬው እንዳላቸው ተጠየቁ። በክርክሩ መድረክ ላይም ተፎካካሪያቸው ጆርጅ ቡሽ የውጭ ጉዳይ ሊያስተምሯቸው ሲነሡ፣ ይህን ዓይነቱን አስተማሪነት እንደማይወዱት እዚያው ነገሯቸው። ያን ዓመት ሬጋን ከ50ዎቹ ግዛቶች 49ኙን ጠራርገው ወሰዱ። ሌላ ሴት በሁለቱ ፓርቲዎች ዕጩነት እስክትቀርብ ድረስ 24 ዓመት አለፈ። ከአግኒው በኋላ ሌላ ወንድ ለማግኘት ስንት ዓመት ተጠበቀ?

እስከዚህ ድረስ አብሮኝ የመጣ ሴት ወዳድ አንባቢ እዚህ ላይ ሊቀየመኝ ይችላል። ምክንያቱም ቀጥዬ የማነሣቸው ወይዘሮ ሣራ ፔሊን ናቸው። በ2008 ሴናተር ጆን ማኬይን የመረጧቸው በ72ኛ የልደት ቀናቸው ነው። ወይዘሮዋ ዋሲላ የምትባል ትንሽ ከተማ ከንቲባ የነበሩ፣ የአላስካ አገረ ገዥ ከሆኑ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሰው ነበሩ። በዚያው ዓመት ሒላሪ ክሊንተን በዴሞክራቶቹ ማጣሪያ ተሸንፈው ብዙ ሴት ደጋፊዎቻቸው አኩርፈው ነበርና፣ እነዚያን ኩርፈኞች በሌላ ሴት ለመሳብ ታሰበ። ይህ ስኳር ሲጠፋ ጨው መግዛት ነው፤ ሁለቱም ነጭ ናቸውና! ሁለቱ ሴቶች ስለ ግብር፣ ስለ ፅንስ ማስወረድ፣ ስለ ጤና መድን የሚያስማማቸው ነገር አልነበረም። ሴት መራጭ ሐሳብ የላትም፣ የምታየው ቀሚስ ብቻ ነው ብሎ ካላመነ በቀር እንዲህ ያለ ስሌት የሚያሰላ ሰው የለም። ሴቶቹ መልሳቸውን በድምፅ ሰጡ። ከመቶ 56 ያህሉ ኦባማን መረጡ።

ወይዘሮ ፔሊን ምን ጋዜጣ እንደሚያነቡ በቴሌቪዥን ተጠይቀው አንድም ስም መጥራት አቃታቸው። ይህን መጠየቅ ተገቢ ነበር፤ መታዘብም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ጥያቄው እዚያ አልቆመም። አምስት ልጆች ያላት እናት እንዴት ብላ ነው ምክትል ፕሬዚዳንት የምትሆነው ተባለ። ፓርቲው ለልብሳቸውና ለመሳሰለው ወደ 150 ሺህ ዶላር ማውጣቱ የሰሞኑ ዜና ሆነ። ይህን ካሉት ብዙዎቹ የሴቶች እኩልነት ተሟጋች ነን ባዮች መሆናቸው ነው የሚያስገርመው። የማንወዳትን ሴት በሴትነቷ መስደብ ከተፈቀደ፣ የምንወዳት ስትሰደብ በምን አፋችን እንጮኻለን?

ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ዶናልድ ትራምፕ ጄ.ዲ. ቫንስን መረጡ። ዕጩው ያን ጊዜ 78 ዓመታቸው ነበር፤ ምክትሉ 39። ቫንስ በምርጫ ያገኙት ሥልጣን ሴኔት ከገቡበት ከጃንዋሪ 2023 ወዲህ ያለው፣ አንድ ዓመት ተኩል ብቻ ነበር። ይህ ፔሊን በአገረ ገዥነት ከሠሩትም ያንሳል፤ ፔሊን በዚያ ላይ ከንቲባ ነበሩ። ቫንስም ያን ጊዜ የሦስት ትንንሽ ልጆች አባት ነበሩ። ልምዳቸው ማነሱን የጻፈ አልጠፋም። ልጆቹን ማን ያሳድጋል ብሎ ያፋጠጣቸው ግን እኔ አልሰማሁም። የሱፋቸውን ዋጋም የተመነ አላየሁም። ምርጫውን አሸንፈው በጃንዋሪ 2025 ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

በመካከሉ ያለውን የወይዘሮ ካማላ ሃሪስን ነገር ለብቻው ያስቀመጥኩት ከሁሉ የባሰ ስለሆነ ነው። ጆ ባይደን በማርች 2020 በክርክር መድረክ ላይ ቆመው፣ ማንንም በስም ሳይጠሩ፣ ምክትሌ ሴት ትሆናለች ብለው ቃል ገቡ። ሃሳባቸው ደግ ሊሆን ይችላል። ቃሉ የተሰጠው ለሴቶች ክብር ነው፤ የተከፈለው ግን ከተመራጯ ክብር ላይ ተቀንሶ ነው። ሃሪስ የሳን ፍራንሲስኮ ዋና ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። የካሊፎርኒያ፣ ማለትም በሕዝብ ብዛት የአንደኛዋ ግዛት፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። ሴኔተር ነበሩ። ይህ ሁሉ ተረስቶ ከዚያች ቀን ጀምሮ «ሴት ስለሆነች የተመረጠች» ሆኑ። በምክትልነታቸው 33 ጊዜ በሴኔት እኩል የተከፈለ ድምፅ ለይተዋል፤ ከእሳቸው በፊት ይህን ያህል ያደረገ ምክትል የለም። ያም ሆኖ በ2024 ራሳቸው ለፕሬዚዳንትነት ሲቀርቡ በኮታ የተቀጠሩ ናቸው ያሉ የምክር ቤት አባላት ነበሩ።

እንግዲህ ሁለት ነገር እናስተያይ። በ2008 ወጣቱና ጥቁሩ ኦባማ ባይደንን የመረጡት አዛውንት፣ ነጭና የውጭ ጉዳይ አዋቂ ስለሆኑ ሚዛን ይጠብቁልኛል ብለው ነው። ባይደንን «የነጭ ኮታ» ያላቸው አለ? በ2024 ሃሪስ ምክትል ሲፈልጉ ደግሞ በየጋዜጣው የተዘረዘሩት ዋነኞቹ ስሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም የነጭ ወንዶች ነበሩ፤ ነጭ ወንድ እንደሚያስፈልግም ያለ ሐፍረት ተጽፏል። የሚኒሶታው አገረ ገዥ ቲም ዋልዝ ተመረጡ። «በጾታው ነው የተመረጠው፣ ችሎታውስ?» ያለ ማን ነው? ያቺ ደግ አባባላችን ያን ቀን የት ነበረች? ተኝታ ነበር።

አባባሏ በእኛም አገር ቤት ሠርታለች። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20ው የሚኒስትርነት ወንበር ግማሹ ለሴቶች ሲሰጥ፣ በዚያው ወር አምባሳደር ሳህለወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር ሲሆኑ፣ «ችሎታ ይቅደም» ባዩ በዛ። ሴትዮዋ በሴኔጋል፣ በጂቡቲና በፈረንሳይ አምባሳደር የነበሩ፣ የተባበሩት መንግሥታትን የናይሮቢ ጽሕፈት ቤት የመሩ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት ካቢኔዎች ወንዶቹ ሲደረደሩ የእያንዳንዳቸውን የሥራ ልምድ ጠይቀን ነበር ወይ? ይልቅስ መጠየቅ የነበረብን ሌላ ነው። የርእሰ ብሔርነት ወንበር በሕገ መንግሥታችን ክብሩ ትልቅ፣ ሥልጣኑ ትንሽ ነው። የአሜሪካው ምክትልነትም የሁለተኛ ሰው ወንበር ነው። ሴት ስትመጣ የሚሳብላት ወንበር ስለምን ሁልጊዜ ወይ የጌጥ ወይ የሁለተኛ ይሆናል? ይህን የጠየቀ ጥቂት ነው። ስለ ችሎታዋ ስንከራከር ስለ ወንበሩ ረሳን።

«እንግዲያ ሴት ከሆነች ዝም እንበል?» የሚለኝ ይመጣል። በጭራሽ! ዝምታማ ሌላው ንቀት ነው። ሴት ናትና አትንኳት ማለት ልጅ ናትና አትናገሯት ከማለት አይለይም። እኔ የምለው ጥያቄው አንድ ይሁን ነው። ነገ ጠዋት ኃላፊነቱ ቢወድቅበት ይሸከመዋል ወይ? እስከ ዛሬ የሠራው ምንድን ነው? የመረጠውስ ሰው ምን ፈልጎ መረጠው? እነዚህን ሦስቱን ለሁሉም እንጠይቅ። መልሱ ሲጎድል ደግሞ ተወቃሹ በቅድሚያ መራጩ ይሁን። ስለ ፔሊን አለመዘጋጀት መልስ መስጠት የነበረባቸው ማኬይን ናቸው። ስለ አግኒው ኒክሰን ናቸው። ያልበሰለውን ወጥ ያቀረበ ባለቤት እያለ በሳሕኑ ላይ መቆጣት አይገባም።

ሹመት ሰጪዎችም አንድ ነገር ይያዙ። ሴት ልትሾሙ ስታስቡ በመጀመሪያ የሴትነቷን ነጋሪት አትጎስሙላት። ስሟን ጥሩ፤ ሥራዋን ዘርዝሩ። ሴትነቷን ማንም ያየዋል። «ሴት እሾማለሁ» ብላችሁ ከጀመራችሁ፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ የማትከፍለው ዕዳ አሸክማችኋታል፤ ስትሠራ «በኮታ» ትባላለች፣ ስትሳሳት ደግሞ ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ሁሉ አብረው ይወድቃሉ።

ያቺን አባባልም ቢሆን እንጣላት አልልም። «በችሎታ እንጂ በጾታ አይሁን»፤ ይሁን፣ እስማማለሁ። ግን እንቅልፍ እንንሳት። የሚቀጥለው ሱፍ ለባሽ በአገሩ ልጅነት፣ በአማችነት፣ በጓደኝነት ወይም በሚዛን መጠበቂያነት ሲሾም ቀስቅሰን እንጠይቅባት። ያን ጊዜ አፍ የሚይዘው ሰው ካለ፣ ሲጠብቅ የኖረው የችሎታን ክብር ሳይሆን የወንበሩን ባለቤትነት ነበር ማለት ነው።