የመመለሻ ስንቅ

በደቡብ ሱዳን፥ በጁባ ከተማ ደቡባዊ ጫፍ፥ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ፥ ሎሎጎ በሚባለው ሰፈር፥ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት የውሃ ቦቴዎች አቧራውን እያስነሡ ሲያልፉ በሚሰማበት ግቢ ተቀምጬ ሳለሁ፥ ባለፈው ሳምንት አንዲት የማውቃት እናት ከደብረ ብርሃን ስልክ ደወለችልኝ። የበኵር ልጅዋ እንጀራ ፍለጋ ወደዚህ አገር ሊመጣ ቀኑ ተቈርጦለት ኖሮ፥ «ጋሼ፥ እዚያ የማይገኘውን ይንገሩኝና ልሰንቅለት» አለችኝ፤ መልሴንም ሳትጠብቅ ያሰናዳችውን ትቈጥርልኝ ጀመር፤ በርበሬ፥ ሽሮ፥ ድርቆሽ፥ የተቈላ ቡና፥ ነጭ ጋቢ፥ ሥራ ሲጠይቅ የሚለብሰው ሙሉ ልብስ፥ አዲስ ጫማ፥ ይህም ሁሉ የሚገባበት ጎረቤት አዋጥቶ የገዛለት ትልቅ ሻንጣ። ዝርዝሩ በእናት ፍቅር የተሰናዳ ነበርና ልቤ ተነካ፤ ዳሩ ግን ልጁ የታመመ፥ ሻንጣው የጠፋ፥ ወይም መንገዱ የተዘጋበት እንደ ሆነ የሚረዳው ነገር በዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ እንኳ አልሰማሁም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለመንገደኛ ስንሰንቅ የምናስበው መድረሱን ነው። ሲደርስ ምን ይበላል፥ ምን ለብሶ ይታያል፥ ለተቀበሉት ሰዎች ምን ያበረክታል እያልን እንጨነቃለን፤ መመለሱን ግን በጸሎት ለእግዚአብሔር ትተን፥ በዕቃ ረገድ አንዳች ሳናሰናዳለት እንሸኘዋለን። ምክንያቱንም ደጋግሜ ሳስበው፥ በሽኝት ማዕድ ላይ ስለ ሕመም፥ ስለ ዝርፊያና ስለ ሽሽት መናገር በእኛ ዘንድ እንደ ሟርት ስለሚቈጠር ይመስለኛል። አፍ የፈራውን ነገር እጅም ሳያሰናዳው ይቀራል።

የቀደሙት አባቶቻችን ግን እንዲህ አልነበሩም። በሶውን፥ ጭኮውን፥ ዳቦ ቆሎውን፥ ቋንጣውን ያየ ሰው፥ እያንዳንዱ የተመረጠው ክብደቱ ቀላል፥ ብልሽቱ ሩቅ፥ አንዳንዱም እሳት የማይሻ በመሆኑ እንደ ሆነ ያስተውላል፤ ይህም ከረጅም ዘመን ፈተና የተገኘ ጥበብ ነው። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፥ በትሩን ይዞ ከደብር ወደ ደብር የሚሄደው የቆሎ ተማሪም ለመኝታው፥ ለምግቡና ለውሻ መከላከያው የሚሆነውን በእነዚህ በሦስቱ ፈጽሞ፥ ከሰውነቱ የሚለይ ጓዝ አያበዛም ነበር። ዛሬ ሻንጣችን ሲያድግ የጠፋብን ይህ ልዩነት ነው፤ ከሰው ተለይቶ ሊቀር የሚችለው ዕቃና ከሰው ሊለይ የማይገባው ዕቃ ተደባልቀው በአንድ ቍልፍ ተዘጉ።

መጽሐፈ ጦቢትን ያነበበ ሰው፥ ጦብያ በገባኤል ዘንድ በአደራ የተቀመጠውን ዐሥር መክሊት ብር ሊያመጣ ወደ ሜዶን ሲሄድ ምን ምን እንደ ያዘ ያስታውሳል። አባቱ ስለ ብሩ የሚመሰክረውን ጽሕፈት ሰጠው፤ መንገዱን የሚያውቅ መሪ ፈልግ አለው፤ መሪውም ሳያውቁት መልአኩ ሩፋኤል ሆኖ ተገኘ። በጤግሮስ ወንዝ ዳር ዓሣው በተያዘ ጊዜ ሥጋው ለመንገዱ ተበላ፤ ልቡን፥ ጉበቱንና ሐሞቱን ግን እንዲያስቀምጥ መልአኩ አዘዘው። ያ ሐሞት የአባቱን ዐይን ያበራው ጦብያ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቍጥር፥ ከመንፈሳዊ ትርጓሜው ጋር አንድ የመንገደኛ ትምህርት አገኝበታለሁ፤ የሚበላው ለመሄጃ፥ የሚጠበቀው ለመመለሻ መሆኑን። ጽሕፈት፥ መሪና መድኃኒት፤ ከዚህ የበለጠ የተሟላ የጉዞ ዕቃ በዘመናችን የተፈለሰፈ አይመስለኝም።

ጽሕፈትን በተመለከተ እዚሁ ሎሎጎ ያየሁትን ልናገር። አንድ ከደጋ አገር የመጣ ወጣት ትኩሳት ይዞት፥ «ብርድ መቶኝ ነው» እያለ ሁለት ቀን ከተኛ በኋላ በሦስተኛው ቀን ራሱን ስቶ አገኘነውና ተሸክመን ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። ስሙን ሲጠይቁን ከመጠሪያ ስሙ በቀር የአባቱን ስም የሚያውቅ ከመካከላችን አልተገኘም፤ ስልኩ በምስጢር ቍጥር ተዘግቷል፤ ፓስፖርቱ አሠሪው እጅ ነበር፤ ሻንጣውም ተቈልፎ ቍልፉ የት እንዳለ አልታወቀም። በመዝገቡ ላይ «ሐበሻ» ብለው ብቻ ጻፉት። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ልጁ ዳነ፤ ነገር ግን እናቱ በሕይወት ሳለች፥ በክርስትና የተሰየመበት ስም ሳለው፥ ሁለት ቀን ሙሉ ስም እንደሌለው ሰው ተኝቶ ማየቴን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዕቃ አንድ ቅጠል ወረቀት ነው እላለሁ። ሙሉ ስም እስከ አያት፥ የደም ዓይነት፥ የማይስማማ መድኃኒት ካለ እርሱ፥ በአገር ቤት የሁለት ሰዎች፥ በሚኬድበት ከተማ የአንድ ሰው ስልክ ቍጥር፥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ፥ በላስቲክ ተጠቅልሎ በሰውነት ላይ የሚታሰር። የፓስፖርቱ ቅጂ ከፓስፖርቱ ጋር ሳይሆን በሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ሌላም ቅጂ አገር ቤት ለሚቀር ሰው ይሰጥ፤ ፓስፖርቱን ራሱን ለደላላም ሆነ ለአሠሪ አሳልፎ አለመስጠት የዕቃ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የነጻነት ጉዳይ ነው። ጁባ የደረሰም ሰው በኤምባሲያችን ስሙን ማስመዝገብን ከመጀመሪያው ሳምንት አያሳልፈው።

መድኃኒትን በተመለከተ ደግሞ ቋንቋችን ራሱ አንድ ስሕተት ውስጥ ከቶናል። ለጉዞ የሚጠየቀው የቢጫ ወባ ክትባት ስሙ «ወባ» የሚል ቃል ስላለበት፥ ክትባቱን ወስዶ ቢጫ ካርዱን የተቀበለ መንገደኛ ከወባ ሁሉ የተጠበቀ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሁለቱ በሽታዎች በስም እንጂ በጠባይ አይዛመዱም፤ ቢጫ ወባ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ይበቃዋል፥ የምስክር ወረቀቱም ከክትባቱ ዐሥር ቀን በኋላ ይጸናል፤ ጁባ ላይ ወገኖቻችንን አልጋ ላይ የሚጥለው ወባ ግን በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ ነውና ያ ካርድ አንዳች አያግደውም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ፥ ጁባ ግን ከ550 ሜትር የማትበልጥ ሞቃት ከተማ ናት፤ በደጋ ያደገ ሰው ሰውነቱ ይህን ጠላት ስለማያውቀው፥ የአገሬውን ሰው ጥቂት ቀን አስተኝቶ የሚለቅ ትኩሳት እርሱን እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል።

በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ተጣጥፎ ከአንድ ጋቢ ያነሰ ቦታ ይይዛል፤ ትንኟ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና በዚህ አገር ከአጎበር በፊት ሻንጣ ውስጥ መግባት የሚገባው ልብስ አላውቅም። ሐኪም አማክሮ መከላከያ ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ብዛቱን ሲገዛ የሚመለስበትን ወራት ጭምር ይቍጠር፤ ለምሳሌ በየቀኑ የሚዋጠው ዶክሲሳይክሊን ከወባማው አገር ከወጡ በኋላ አራት ሳምንት መቀጠል አለበት። ብዙ ሰው አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ኪኒኑን ይጥላል፤ በደሙ የተሸሸገው ተሕዋስ ግን ቦሌ ላይ አይወርድም። ከጁባ የተመለሰ ሰው አገር ቤት ገብቶ በሳምንታት ውስጥ ቢያተኵሰው፥ ሐኪሙ ሳይጠይቀው «ከጁባ ነው የመጣሁት፥ የወባ ምርመራ ይደረግልኝ» ብሎ እንዲናገር፥ ይህ ቃል ከኪኒኑ ጋር አብሮ ሊሰነቅለት ይገባል።

ስለ ውሃም እግረ መንገዴን ላንሣ። እዚህ ወንዙ ዳር የሚቀመጥ ኢትዮጵያዊ ውሃውን አይቶ የአገሩ ናፍቆት ሲነሣበት አያለሁ፤ ነገር ግን በጁባ የሚያልፈው ውሃ ከዑጋንዳ ሐይቆች የሚወርድ ነው፤ የእኛ ባሮ ሶባት ተብሎ የሚገናኘው ወደ ታች በማላካል አጠገብ፥ ጥቁር ዓባያችንም ከዚያ እጅግ ርቆ በካርቱም ነው። ናፍቆቱ አይነቀፍም፤ ውሃውን ሳያክሙ መጠጣት ግን ይነቀፋል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የኮሌራ ወረርሽኝ መግባቱ ታውጆ ነበር፤ የውሃ ማከሚያ እንክብልና በተቅማጥ ጊዜ ተበጥብጦ የሚጠጣው ኦ.አር.ኤስ ደግሞ ከአንድ እፍኝ አይበልጡም። ኦ.አር.ኤስ ባይገኝ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፥ ማንኪያው ሳይከመር ተለክቶ፥ በጥብጦ መጠጣት ሐኪም ጋር እስኪደረስ ነፍስ ያቈያል። ብርሃንን በተመለከተ በፀሐይ የሚሞላ ትንሽ መብራት ይበቃል፤ ፓወር ባንክም በእጅ ሻንጣ እንጂ ለጭነት በሚሰጠው ውስጥ አይገባም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው የመመለሻው ነገር ነው። ወገኖቻችን ወደዚህ ከተማ በብዛት መጉረፍ የጀመሩት ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. የሰሜንና የደቡብ ሱዳን የሰላም ውል ከተፈረመ ወዲህ ነው፤ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. አገሪቱ ነጻ ስትወጣም ሆቴሉ፥ ምግብ ቤቱ፥ የውሃ ቦቴው፥ የኮንዮ ኮንዮ ገበያ ንግድ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆነ። ነገር ግን ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ ተኵስ ተከፈተ፤ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጀመሪያም እንደ ገና። በሁለተኛው ጊዜ የዑጋንዳ ጦር ዜጎቹን ለማውጣት የመኪና ሰልፍ በኒሙሌ ድንበር በኩል እስከ መላክ ደርሶ ነበር፤ ከጁባ እስከዚያ ድንበር ያለው መንገድ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእንደዚያ ያለ ሰዓት ሻንጣ የሚጎትት ሰው የለም፤ በወገቡ የታጠቀው ብቻ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የመመለሻ ገንዘብ የሚባል፥ ለንግድም ለኪራይም የማይነካ፥ ከሌላው ተለይቶ የታሰረ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ዶላርም ከሆነ ያረጀ፥ የተቀደደ ወይም ጽሕፈት ያለበት ኖት በዚህ አካባቢ መንዛሪ አይቀበለውምና አዲሱንና ንጹሑን መርጦ መያዝ ነው።

ምናልባት፥ ጌታ ሐዋርያትን ያለ ኮሮጆ ልኳቸው የለምን የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ልኳቸዋል፤ ነገር ግን እነርሱ የተላኩት ተቀብሎ ወደሚያሳድራቸው ቤት ነበር፤ የመከራው ሌሊት በቀረበ ጊዜ ደግሞ ከረጢት ያለው እንዲይዝ ያዘዛቸው ራሱ እንደ ሆነ በሉቃስ ወንጌል ተጽፏል። በእግዚአብሔር መታመንና ሳያሰናዱ መውጣት አንድ አይደሉም። እንዲያውም ሽኝት የሚያሰናዱ የዕድር አባቶች፥ ጸሎተ መንገድ የሚያደርሱ ካህናት፥ ክትባት የሚሰጡ ጤና ጣቢያዎች፥ ለሚወጣው ልጅ ስለ መመለሻው መንገርን የአገልግሎታቸው ክፍል ቢያደርጉት እመኛለሁ፤ ጎረቤትም ለሻንጣ ከሚያዋጣው ላይ ጥቂቱን ለአጎበርና ለወገብ ቦርሳ ያውለው።

ይህን ሁሉ ለዚያች እናት በስልክ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ሟርት እንዳይሆንባት ፈርቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደወለችና፥ «ጋሼ፥ ቍጥሮቹን ታናሽ እኅቱ ጻፈችለት፤ እኔም ወረቀቱን በአቡጀዲ ቀበቶ ውስጥ ሰፋሁት፤ የእርስዎንም ቍጥር አስገብተናል» አለችኝ። ጥቂት ቈይታም፥ «ሽሮውን ልቀንስ እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። ሽሮው ይምጣ፥ በትልቁ ሻንጣ ይሁን አልኋት።